ድሬ ትችላለች ወይ? የከዚራ ክርክርና የጥጥ ማኅበር ታሪክ

ከዚራን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ቀጥ ቀጥ ባሉት መንገዶች ግራና ቀኝ ዛፎቹ ጥላቸውን ሲያረዝሙ፣ ድሬ ከቤቷ ትወጣለች። ሻይ ያለበት ሁሉ ወንበሩ ይሞላል፤ ወንበር ያጣ የግንቡ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ወሬው ዓይነቱ ብዙ ነው። ድሬዳዋ ከተማ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ሊጫወት ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ወሬው አንድ ብቻ ይሆናል፦ «ድሬ ትችላለች ወይ?»

እኛም ከተከራካሪዎቹ መካከል ነን፤ አንደብቅም። ክርክሩ ሁሌ ሁለት ጎራ አለው። አንደኛው «አቦ ተወን! ስንት ለስንት እንደምንሸነፍ ብቻ ንገረን» የሚል ነው። ሁለተኛው «ኳስ ክብ ናት» ብሎ ክንዱን አጣጥፎ የሚቀመጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አይከራከሩም። የመጀመሪያው ያለፈውን ውጤት ይደግማል፣ ሁለተኛው ደግሞ ተስፋውን ይደግማል። አንድ ትንሽ ቡድን ትልቁን ሊገዳደር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን በምን እናውቃለን? ይኼን ማንም አይጠይቅም።

አንድ ምሽት በዚሁ ጭቅጭቅ መሐል አጠገባችን ሻያቸውን የሚጠጡ አንድ ጋሼ ዞር ብለው «እናንተ ልጆች ጥጥ ማኅበርን ስለማታውቁ ነው እንጂ ድሬ ድሮ የአፍሪካ አራተኛ ነበረች» አሉን። ሳቅን። በአክብሮት ነው የሳቅነው፣ ግን ሳቅን። የድሮ ሰው ሲያወራ የድሮ ዝናብ እንኳን ይበልጥ ያረጥባል አይደል? ቤት ገብተን ነገሩን ስናገላብጥ ግን ሳቃችን ወደ እኛው ተመለሰ። ጋሼ ያጋነኑት በጣም ትንሽ ነው።

(ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በአብዛኛው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ የውድድሮቹ መዝገብ የተያዘው በእሱ ስለሆነ ነው። በእኛ ስንጽፍ ዓ.ም. እንላለን።)

ነገሩ ከባቡሩ ይጀምራል፤ በድሬ ከባቡሩ የማይጀምር ነገር ምን አለ? ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ከታች ቀረ፣ እሱ የቀረበት ቦታም ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ የደረሰው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከባሕር የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ዕቃውም ሰውም ወሬውም፣ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነበር። ከባቡሩ ጀርባ ፋብሪካ መጣ። በሀገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ድሬዳዋ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ነበረ፤ ሕዝቡ «ጥጥ ማኅበር» ብሎ የሚጠራው። ፋብሪካ ካለ ሠራተኛ አለ፣ ሠራተኛ ካለ ቡድን አለ።

እንግዲህ የዚህ ፋብሪካ ቡድን ነው በ1960 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው። በ1962 ደገመ። በ1963 ሠለሰ። በ1965 አራተኛውን አነሣ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ዋንጫ! ያኔ ሻምፒዮናው ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ኃያላን የሚገናኙበት እንጂ የአዲስ አበባ የግል ጉዳይ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መቻል ዋንጫውን በተከታታይ ሲወስድ ቆይቶ፣ በኋላ የአስመራዎቹ ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይና ቴሌ ተቀባበሉት። ከእነሱ ደግሞ ድሬ ተቀበለች። በእነዚያ ዓመታት «ድሬ ትችላለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የሚሳቅበት እሱ ነበር። ጥያቄው «ድሬን የሚችል አለ ወይ?» ነበርና።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እኛ የዛሬ ልጆች ድሬን ትንሽ ቡድን አድርገን ነው የተቀበልናት፤ እንደ ሙቀቷ አብሯት የተፈጠረ ነገር እየመሰለን። ግን ትንሽነት የተፈጥሮ ጠባይ አይደለም። በአንድ ወቅት የመጣ ነገር ነው፣ የመጣበትም ምክንያት አለው። ወደዚያ እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ግን የመገመት ነገር።

በግምት ታሪካችን ውስጥ ከሁሉ የሚያስተምረን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ (ያኔ በስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ)። እስቲ ራሳችንን ከጨዋታው በፊት ባለው ምሽት እናስቀምጥና እንገምት። በእጃችን ያለው መረጃ ምንድነው? በ1957 ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ-ዲባ። በ1959 ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0። ሁለት ጨዋታ፣ ስምንት ጎል፣ ከእኛ በኩል ዜሮ። የተደረጉትን ሁለት ዋንጫዎች በሙሉ የወሰደችው እሷ ናት። ያን ዕለት ከዚራ ዛፍ ሥር ብንቀመጥ ኖሮ «አቦ ተወን» የሚለው ጎራ በክርክሩ እንደሚረታን አትጠራጠሩ።

የሆነውን ታውቃላችሁ። ግብፅ ቀድማ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ግብፅ ደግማ መራች። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ ሰጡት።

የድሬ ሰው ይኼን ታሪክ ሲሰማ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነው፤ በ1960ዎቹ ግን የጥጥ ማኅበርን ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል። ከአስመራ የበቀለ ተጫዋች ድሬ የሚመጣበት ምክንያት ምን ነበር? ፍቅሯ ነው ብንል ደስ ይለናል (ፍቅሯንም አንክድም)። ነገር ግን ጥሩ ቡድን፣ ጥሩ ፋብሪካ፣ ጥሩ ባቡር ያላት ከተማ ስለነበረች ነው። የዛሬው መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ እዚህ ያደገ ልጅ እግሩ ሲጠና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ያኔ ወደ ድሬም ይመጣ ነበር።

ወደ ግምቱ እንመለስ። የስምንት ለዜሮው መረጃ ውሸት አልነበረም፤ ግን አርጅቶ ነበር። ከ1959 እስከ 1962 ባለው ጊዜ እዚህ የነበረው ፉክክር ተለውጧል፤ አስመራ፣ ድሬና አዲስ አበባ እርስ በርስ ተናንቀው ተጫዋች ሲያወጡ ነበር። ደግሞ ጨዋታው ካይሮ ሳይሆን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነች ከተማ ላይ ነው። ያለፈውን ውጤት ብቻ ያየ ይኼን ሁሉ አላየም። በሜዳችን ስለተጫወትን ብቻ አሸነፍን ማለትም አይደለም፤ ሜዳ ብቻውን እንደማያድን ቀጥሎ የምንነግራችሁ ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ።

የመጀመሪያው የጋሼ ታሪክ ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ (ዛሬ ቻምፒየንስ ሊግ የምንለው ማለት ነው) የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች በየካቲት 1965 ጋና፣ አክራ ላይ ተሰበሰቡ። አራቱ እነማን ነበሩ? የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊየን፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ እና… የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር! እንደገና አንብቡት። ከአህጉሩ ክለቦች ሁሉ ከቀሩት አራት አንዱ ከዚህችው ከደቻቱ ዳር ከተማ የሄደ የፋብሪካ ቡድን ነው። «አፍሪካ አራተኛ» የሚለውን እንደ ደረጃ ላናጸናው እንችላለን፤ ከአራቱ አንዱ መሆኑ ግን የተጻፈ ነው። ጋሼ፣ ይቅርታ።

ግማሽ ፍጻሜው ከስታድ ማሊየን ጋር ነበር፤ 3 ለ 1 ተሸነፍን። በሌላኛው በኩል ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። ሪያል ሪፐብሊካንስ ማለት እንዲሁ ክለብ አይደለም፤ የንክሩማ መንግሥት ከየክለቡ ምርጥ ምርጡን መርጦ ያቋቋመው፣ ጋና ለአፍሪካ ልታሳይ የምትፈልገው ኩራት ነው። ሜዳው የእነሱ፣ ሕዝቡ የእነሱ። ኦሪክስ 2 ለ 1 አሸንፎ አስቀራቸው። ፍጻሜውንም ስታድ ማሊየንን በተመሳሳይ 2 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። የኦሪክስ አምበል ስሙ ሳሙኤል ምባፔ ሌፔ ነው። (አትደንግጡ፣ ያኛው ምባፔ አይደለም።)

የአክራውን 3 ለ 1 እንዴት እንፍረደው? «አልቻሉም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። በእርግጥም ያን ቀን አልቻሉም፤ በሁለት ጎል መሸነፍ «ለጥቂት» የሚባል አይደለም፣ እኛም አናስውበውም። ነገር ግን ያሸነፋቸው ቡድን ለሻምፒዮኑ የተረታው በአንድ ጎል ነው። ጥጥ ማኅበር ከጨዋታው በፊት ከአራቱ ሁሉ ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ቢሆን አይገርመንም፤ በአዳራሹ ግን ያለቦታው የተቀመጠ እንግዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የሆነው እዚሁ ድሬ ነው። በ1976 (በእኛ በ1968 ዓ.ም.) የአፍሪካ ዋንጫን ስናስተናግድ አንደኛው ምድብ አዲስ አበባ፣ ሌላኛው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ድሬ የደረሷት ዛየር፣ ሱዳን፣ ሞሮኮና ናይጄሪያ ናቸው። በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ዛየር ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነች፣ በዚያው ዓመት ጀርመን ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫወተች። ሱዳንም በ1970 ዋንጫውን የወሰደች ናት። ሞሮኮና ናይጄሪያ አንድም የአፍሪካ ዋንጫ አልነበራቸውም።

ዛየር መጀመሪያ በናይጄሪያ 4 ለ 2 ተመታች። ቀጥሎ በሞሮኮ 1 ለ 0። ከሱዳን ጋር 1 ለ 1 ወጥታ በአንድ ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆና ተሸኘች። ዋንጫ ያላቸው ሁለቱ ወደ ቤታቸው፣ ዋንጫ የሌላቸው ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ! ሞሮኮ እዚያው ሄዳ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች፣ ናይጄሪያ ሦስተኛ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያስ? ኡጋንዳን 2 ለ 0 ብታሸንፍም በጊኒ 2 ለ 1 ተረታ፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ተለያይታ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ሜዳም ሕዝብም ይዛ። የድሬ ሕዝብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ግምት ከንቱነት የተማረውን ያህል ማንም የተማረ አይመስለንም፤ ግን ይኸው ልጆቹ ዛሬም «አቦ ተወን» እንላለን።

አሁን ወደ አቆየነው ጥያቄ፤ ትንሽነት መቼ መጣ? አንድ ቀን የለውም። በ1966፣ በ67 እና በ68 ዋንጫው ተከታትሎ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ፣ ከዚያም የአስመራዎቹ ተመለሱ። በ1975 ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የእኛም የመንግሥት ሆኑ። ጥጥ ማኅበር አልሞተም ነበር፤ በ1983፣ ከመጨረሻው ዋንጫ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ አምስተኛውን አነሣ። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ በኋላ ግን የሀገሪቱ የሊግ ዋንጫ ድሬ ገብቶ አያውቅም። ፋብሪካው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ባቡሩም ወደ አዲስ አበባ መሄዱን አቆመ። አዲሱ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ የከዚራው አሮጌ ጣቢያ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ስለ ኳስ ስንጨቃጨቅ ከበስተጀርባችን ያለው ዝምታ እሱ ነው።

ድሬዳዋ ከተማ፣ ብርቱካናማዎቹ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከተመለሱ ወዲህ ብዙውን ዓመት ያየናቸው ላለመውረድ ሲታገሉ ነው። ደጋፊው የዓመቱን መጨረሻ ሳምንታት ካልኩሌተር ይዞ ነው የሚያሳልፈው። (የልብ ሐኪም ስታዲየሙ በር ላይ ቢቆም ያተርፋል።)

«ታዲያ የክፍለ ሀገር ቡድን አይችልማ!» የሚል ይመጣል። ይችላል። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኗል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች በመጣበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ መቀሌ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማም ተከትለው ወስደዋል። አባ ጅፋር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ወረደ። እኛን ያሳሰበን ይኼ ነው። አንድ ቀን መቻል አለ፣ አንድ ዓመት መቻል አለ፣ እንደ ጥጥ ማኅበር በስድስት ዓመት አራት ጊዜ መቻል ደግሞ ሌላ ነው። ለአንድ ቀን ልብና አሥራ አንድ ጤነኛ ሰው ይበቃል። ለስድስት ዓመት ደሞዙ በወሩ መጨረሻ የሚገባ ተጫዋች ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. ሊጉን የወሰደው ማነው? ንግድ ባንክ፤ እሱም ከታች በመጣበት ዓመት። በ2017 ዓ.ም.? መድን። ባንክና ኢንሹራንስ! ያየነው ሲመስለን «አዲስ አበባ እንደገና ወሰደች» ነው የምንለው። ጠጋ ብለን ስናይ ግን ከጀርባው ጠንካራ መሥሪያ ቤት ያለው ቡድን ነው የወሰደው። ጥጥ ማኅበር ማለት በዘመኑ እንዲሁ ነበር፤ የዛሬው ንግድ ባንክ ያኔ ድሬ ነበረ ብንል ብዙ አንሳሳትም። እና ጋሼ «ድሮ ልጆቹ ወኔ ነበራቸው» ሲሉ ግማሹን ብቻ ነው የምንስማማው። ወኔው ዛሬም አለ። ወኔውን የሚቀጥረው ፋብሪካ ነው የጠፋው። የማይመቸን ድምዳሜ ነው፣ ምክንያቱም ወኔን መውቀስ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ ፊት ለፊት አለ፣ ይሰደባል። ፋብሪካ አይሰደብም።

ስለዚህ ከዚራ ላይ «ድሬ ትችላለች ወይ?» ሲባል እኛ አሁን መልሰን የምንጠይቀው «ለስንት ጊዜ?» ብለን ነው። ለአንድ ጨዋታ ከሆነ የባለፈውን ውጤት እርሱት፤ ማን ተጎድቷል፣ ማን ዐርፏል፣ ሜዳው የት ነው የሚለውን አምጡ። ለአንድ ዓመት ከሆነ ደግሞ የተጫዋቾቹን ስም ሳይሆን ክለቡን ማን እንደሚያኖረው ንገሩን።

ይኼን ሁሉ አጠናቅረን በሌላ ቀን ጋሼን እዚያው ቦታቸው አገኘናቸውና ነገርናቸው። አክራን ስንጠራ ሻያቸውን አስቀመጡ። 3 ለ 1 መሆኑን ስንነግራቸው ደግሞ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ሽንፈቱን ከታሪኩ ውስጥ አውጥተውት ኖረው ነበር መሰለን። ስለ ባንኩና ስለ ፋብሪካው የተናገርነውን አዳምጠው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ይስማሙ አይስማሙ አልታወቀም።

«ይኼ ሁሉ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሑድ ግን ስንት ለስንት ነው?»

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን አንድ ለአንድ አለ፣ ሌላችን ሁለት ለአንድ ለጊዮርጊስ። ጋሼ ብርጭቋቸውን አንሥተው «ሁለት ለባዶ ለድሬ» አሉና የሻዩን ሒሳብ በተሸናፊው ላይ ጻፉት።